ልጅ ቅርጽ አይቶ ሲስል እቅዱን እንዴት እናያለን? ለኬጂ መምህራንና ለወላጆች የሚሆን መመሪያ

"ልጁ ቅርጽ አይቶ ሲስል ያጣምመዋል። ማቀድ ያቅተዋል ማለት ነው?" የኬጂ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ወላጆችም ይጠይቁኛል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ የስዕል ፎቶ ጋር። ፎቶውን ብቻ አይቶ መመለስ ግን አይቻልም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በመደመር ምልክት ለአራት የተከፈለ አንድ ካሬ አስቡ። አንዷ ልጅ መጀመሪያ ትልቁን ካሬ ትስላለች። ከዚያ ቁልቁል መስመር፣ ከዚያ አግድም መስመር ትጨምራለች። ሌላው ልጅ አንድ ትንሽ ካሬ ይስልና ጎኑ ላይ ሌላ ትንሽ ካሬ ይለጥፋል፤ ከታች ደግሞ ሁለት ይደግማል። ሲጨርሱ ወረቀታቸው ላይ ያለው ነገር አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል። የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። እቅድን የምናየው በዚያ መንገድ ላይ ነው። የመስመር መንቀጥቀጥና የማዕዘን መጣመም በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ዓይንና እጅ ቅንጅት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ልጁ እየሳለ ሳለ ምን እንደምታዩ፣ እንዴት እንደምትመዘግቡና ያያችሁትን እንዴት እንደምትረዱት ነው። መመሪያው ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። የሚወስደው ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• መስመር የሌለው ነጭ ኤ4 ወረቀት። ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ አዲስ ወረቀት።
• ሁለት የተቀረጹ ተራ እርሳሶች። ሁለተኛው የመጀመሪያው ጫፍ ሲሰበር ነው። ላጲስ አታቅርቡ፤ ምክንያቱን ወደፊት ታገኙታላችሁ።
• ጠንካራ ወረቀት ወይም ካርቶን፣ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ፣ ሰባት ፍሬ።
• ጥቁር ማርከርና ማስመሪያ፣ ካርዶቹን ለማዘጋጀት።
• ለራሳችሁ የመመዝገቢያ ወረቀትና እስክሪብቶ።
• የልጁ እግር መሬት የሚነካበት ወንበርና ለቁመቱ የሚሆን ጠረጴዛ። እግሩ ከተንጠለጠለ ሰውነቱ አይረጋም፤ መስመሩም አይረጋም።

ካርዶቹን ማዘጋጀት

የመጀመሪያዎቹ አራት ካርዶች ቀላል ናቸው። አንድ ክብ፣ አንድ የመደመር ምልክት፣ አንድ ካሬ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን። እነዚህ እቅድ ለማየት አይደሉም። የልጁ እጅ ለሥራው መድረሱን ለማወቅ ናቸው።

5ኛው ካርድ ከላይ የነገርኳችሁ ለአራት የተከፈለው ካሬ ነው። ጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

6ኛው ካርድ ላይ አግድም የተኛ አራት ማዕዘን ሳሉ። በቀኝ ጎኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ለጥፉበት። በአራት ማዕዘኑ መሐል አንድ ክብ አድርጉ። ከክቡ በስተግራ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው የሚደርሱ ሁለት ቁልቁል መስመሮች ጨምሩ። ሦስት ማዕዘኑን ከላይ አታድርጉት። ከላይ ከሆነ ልጁ ቤት ነው ብሎ ያስብና ካርዱን ትቶ የለመደውን ቤት ከነበሩ ይስልላችኋል።

7ኛው ካርድ የቦታ አጠቃቀምን የሚያሳይ ነው። ርዝመቱ 12፣ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠባብ አራት ማዕዘን ሳሉ። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት እኩል ክቦችን ደርድሩ። ለዚህ ካርድ የልጁን ወረቀትም ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ አራት ማዕዘን ይሳልበት። ልጁ የሚጨምረው ክቦቹን ብቻ ነው። ጠርዙ ተወስኖ ከተሰጠው ቦታውን ማብቃቃት የራሱ ሥራ ይሆናል።

አሠራር

1. የልጁን ዕድሜ በዓመትና በወር አስሉ።

በዚህ ዕድሜ ስድስት ወር ትልቅ ልዩነት ነው። የልደት ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርዱን ተመልከቱ። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ የልደት ቀኑንና የዛሬውን ቀን በአንድ ዓይነት የዘመን አቆጣጠር አድርጉት። ወራቱ ሲደባለቁ ዕድሜው ይዛባል።

በግምት ልጆች ክብን አይተው መሳል የሚችሉት ወደ 3 ዓመት ገደማ ነው። የመደመር ምልክትን በ4፣ ካሬን ከ4 ዓመት ተኩል እስከ 5፣ ሦስት ማዕዘንን ደግሞ በ5 ዓመት አካባቢ ወይም ትንሽ አልፈው ይሠራሉ። ዳይመንድ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወይም 7 ዓመት ይቆያል፤ ሰያፍ መስመር ለትንሽ እጅ ከባድ ነውና። እነዚህ ግምቶች እርሳስ ይዘው ላደጉ ልጆች ናቸው። ኦ ክፍል ሲገባ ገና እርሳስ የጨበጠ ልጅ ቢዘገይ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ላለው ልጅ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት በነጻነት እንዲሞነጫጭር ዕድል ስጡት። ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ።

2. ጊዜውንና ቦታውን ምረጡ።

ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከእረፍት ሰዓት መልስ ወዲያው አታድርጉት። የተራበ፣ እንቅልፍ የመጣበት ወይም ጓደኞቹ ውጭ ሲጫወቱ የሚሰማ ልጅ ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ይቸኩላል። ችኮላው ደግሞ እቅድ የሌለው ያስመስለዋል።

እናንተ ፊት ለፊቱ አትቀመጡ። ከፊት ሆናችሁ ስታዩ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ነው። በቀኝ እጁ የሚስል ከሆነ በግራው፣ በግራ እጁ የሚስል ከሆነ በቀኙ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ተቀመጡ። የእጁን እንቅስቃሴ የሚጋርድባችሁ ነገር አይኖርም።

በየትኛው እጅ መሳል እንዳለበት አትንገሩት። በብዙ ቤት ግራኝ ልጅ "በቀኝህ!" እየተባለ ነው የሚያድገው። ለአሁኑ ተዉት። ባልለመደው እጅ የሳለ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ እጁ ላይ ስለሚሆን ለእቅድ የሚተርፍ አይኖረውም።

3. በአራቱ ቀላል ካርዶች ጀምሩ።

ክቡን፣ ከዚያ የመደመር ምልክቱን፣ ከዚያ ካሬውን፣ በመጨረሻ ሦስት ማዕዘኑን። አንድ በአንድ አቅርቡ። ፍጹም እንዲሆኑ አትጠብቁ። ካሬው አራት ጎን ካለውና ከሞላ ጎደል ከተዘጋ በቂ ነው።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንድትጠነቀቁለት የምፈልገው ይህንን ነው። ካሬን ለብቻው መሳል ያልቻለ ልጅ ካሬ ያለበትን ውስብስብ ቅርጽ ቢያበላሸው ስለ እቅዱ ምንም ልትሉ አትችሉም። እጁ አልደረሰም፤ በቃ። እንዲህ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ፣ አመስግኑት፣ ከሦስት ወር በኋላ ሞክሩ። ሦስት ማዕዘኑ ብቻ ከከበደው 6ኛውን ካርድ ዝለሉና 5ኛውንና 7ኛውን አሠሩት።

4. ትእዛዙን አጭር አድርጉ፤ ለሁሉም ካርድ አንድ ዓይነት ይሁን።

"ይህን እያየሽ ልክ እንደዚህ አድርገሽ እዚህ ሳዪ። ስትጨርሺ ንገሪኝ።" ይህ ይበቃል። "ፈተና" የሚለውን ቃል አታንሱ። ልጁ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ከሆነ በዚያው ይነገረው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ልጅ አማርኛ የሚሰማው ከአያቱ ብቻ ከሆነ በሚቀልለው ቋንቋ አድርጉት። ያልገባው ትእዛዝ ያልታቀደ ስዕል ይመስላል።

ለቅርጹ ስም አታውጡለት። "መስኮት" ካላችሁት መስኮት ይስላል፤ የምትፈልጉት ካርዱን እንዲያይ ነው። እናንተም ስላችሁ አታሳዩት። እየሳላችሁ ካያችሁት የሚደግመው የእናንተን ቅደም ተከተል ነው። የራሱን የምታዩት ያለቀ ቅርጽ ሲቀርብለት ብቻ ነው።

ካርዱ ከወረቀቱ በላይ፣ ፊት ለፊቱ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ልጁ ካርዱን ካዞረ በቀስታ መልሱት። ወረቀቱን ትንሽ ቢያጋድል ችግር የለም፤ ሙሉ ለሙሉ ካዞረው ግን መልሱና መዝግቡ።

5. እርሳሱ ወረቀቱን ሳይነካ በፊት ያለውን ጊዜ ተመልከቱ።

ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ጨርቁን እንደሚያየው፣ አንዳንድ ልጆች ከመጀመራቸው በፊት ካርዱን ያያሉ፣ ወረቀቱን ያያሉ፣ እንደገና ካርዱን ያያሉ። አንዳንዶች በጣታቸው አየር ላይ ይከተሉታል። አንዳንዶች ደግሞ ለራሳቸው ያወራሉ፤ "መጀመሪያ ይሄን፣ ከዚያ ይሄን።" ይህን ንግግር አታስቁሙት። ጮክ ብሎ የተነገረ እቅድ ነው። ቃሉን እንዳለ ጻፉት።

የ4 ዓመት ልጅ ካርዱን እንዳየ ወዲያው ቢጀምር አትገረሙ። በዚያ ዕድሜ አብዛኛው እንዲህ ነው። እንዲያው የምትመዘግቡት ነገር ነው እንጂ ጉድለት አይደለም።

6. ቅደም ተከተሉን መዝግቡ።

ልጁ እየሳለ እናንተም በወረቀታችሁ ላይ ያንኑ ቅርጽ አብራችሁ ሳሉ። እያንዳንዱ መስመር ላይ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ቁጥር ስጡ። ወደየት እንደሄደ በትንሽ ቀስት አሳዩ። ለአፍታ ከቆመ ነጥብ አድርጉ። ቀና ብሎ ካርዱን ባየ ቁጥር አንድ ጭረት ጣሉ። መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፤ ስለዚህ ከትክክለኛው ቀን በፊት አንድ ትልቅ ልጅ ወይም ባልደረባችሁን እያሣላችሁ ተለማመዱ።

ሌላ መንገድም አለ። አራት ባለ ቀለም እርሳስ አዘጋጅታችሁ በየተወሰነው ጊዜ ቀለሙን ትቀይሩለታላችሁ። ከዚያ ስዕሉ ራሱ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ይናገራል። ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆች ይሠራል። ለትንንሾቹ ግን አልመክርም። ቀለሙ ራሱ ጨዋታ ይሆንባቸውና "ቀዩን ስጪኝ" እያሉ ቅርጹን ይረሱታል።

በስልክ መቅረጽ ይቻላል። ወላጅ ይፍቀድ፤ ካሜራው እጁንና ወረቀቱን እንጂ ፊቱን አያሳይ።

7. ያያችሁትን አንብቡ።

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የምትፈልጉት አምስት ነገር ነው።

ከምን ጀመረ? 5ኛው ካርድ ላይ ትልቁን ካሬ ያስቀደመ ልጅ ቅርጹን እንደ አንድ ነገር አይቶታል፤ ክፍሎቹ በውስጡ የሚገቡ መሆናቸውን ተረድቷል። 6ኛው ካርድ ላይ ደግሞ ከአራት ማዕዘኑ ይልቅ ከክቡ ከጀመረ፣ በኋላ ክቡን የሚያቅፍ ልክ ያለው አራት ማዕዘን መሥራት ይኖርበታል። ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘኑ ይጠበዋል ወይም እጅግ ይሰፋበታል።

መስመሩን ሙሉውን አደረገው ወይስ ቆራረጠው? ለአራት የተከፈለው ካሬ ላይ አግድም መስመሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በአንድ ጊዜ ከተሳለ ልጁ አንድ መስመር አይቷል። ግማሹን ስሎ፣ ሌላ ነገር ሠርቶ፣ ኋላ ሌላውን ግማሽ ከቀጠለ ያየው አራት ትንንሽ ክፍሎችን ነው። የ5 ዓመት ልጅ ውስብስብ ቅርጽን ቁራጭ በቁራጭ ቢሠራ ለዕድሜው የተለመደ ነው። ከፍ እያለ ሲሄድ ከትልቁ ወደ ትንሹ የመሄድ ልማድ ይመጣል። ስለዚህ ቁራጭ በቁራጭ መሥራቱን በ5 ዓመቱና በ7 ዓመቱ እኩል አትመዝኑት።

ቦታውን አብቃቃ? 7ኛው ካርድ እዚህ ላይ ብዙ ያወራል። አንዱ ልጅ ሁለት ትልልቅ ክቦች ስሎ ቦታው ያልቅበታል፤ ሦስቱን ጥጉ ላይ ያጣብቃቸዋል። አንዱ ከጠርዙ ውጭ ያወጣቸዋል። ሌላዋ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ታያለች፣ ትቆማለች፣ የቀሩትን ሁለት ታሳንሳቸዋለች። የዚህችን ልጅ ስዕል ያለቀውን ብቻ ብታዩት "እኩል አላደረገችም" ትላላችሁ። እየሳለች ያያት ሰው ግን መሐል መንገድ ላይ እቅዷን ስትቀይር አይቷል። ይህ ለትንሽ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ደግሞ አስቀድሞ አምስት ነጥብ ጣል ጣል ያደርግና በየነጥቡ ላይ ክብ ይሠራል። ጠርዙን በሰባት ወይም በስምንት ክብ የሞላ ልጅ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እስከ አምስት መቁጠር መቻሉን አረጋግጡ። ችግሩ ቁጥሩ ሊሆን ይችላል።

ተመልሶ አየ? ካርዱን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ልጅ አለ። መስመር በሰራ ቁጥር ቀና የሚልም አለ። ከሁለቱ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስህተት ማለት አይቻልም። የምትፈልጉት ቀና ያለው መቼ እንደሆነ ነው። አንድ ክፍል ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ካየ፣ ሥራውን በክፍል በክፍል አድርጎታል ማለት ነው።

ሲሳሳት ምን አደረገ? ላጲስ ያላቀረብነው ለዚህ ነው። ላጲስ ካለ ልጁ ሲያጠፋና ሲያሻሽ ይውላል፤ የመጀመሪያ ሐሳቡም ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ላጲስ ከሌለ ግን መስመር ሲያመልጠው ወይ ጎኑ ላይ ያስተካክላል፣ ወይ የቀረውን ከስህተቱ ጋር ያስማማዋል፣ ወይ አዲስ ወረቀት ይጠይቃል፣ ወይ ሞነጫጭሮ ይተወዋል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከግራ መጀመሩ ወይም ከቀኝ መጀመሩ ከእቅድ ጋር አታያይዙት። አማርኛና እንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ እጁ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ይለምዳል። እስራኤል ውስጥ ዕብራይስጥ የሚማር፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዐረብኛ የሚማር ልጅ ከቀኝ ቢጀምር ፊደሉ ያስተማረውን ነው ያደረገው። ግራኝ ልጅም መስመሩን ከቀኝ ወደ ግራ ቢስበው ለእጁ የሚመቸው እሱ ነው።

8. በትንሽ እርዳታ አንድ ጊዜ ድገሙት።

ልጁ ካልደከመ፣ ከበድ ያለውን አንዱን ካርድ መልሳችሁ አቅርቡ። ከደከመ ለነገ ይደር። በዚህ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት፣ "እስቲ መጀመሪያ የትኛውን እንደምትስል በጣትህ አሳየኝ" በሉት። እቅዱን አልሰጣችሁትም። ቆም እንዲል ብቻ ነው ያደረጋችሁት። ከዚያ ይሳል።

ካልተለወጠ ሌላ ወረቀት ሰጥታችሁ፣ "ትልቁን እናስቀድም፣ ከዚያ ውስጡን" በሉት።

ውጤቱ ለዕለት ሥራችሁ ይጠቅማል። በመጀመሪያው እርዳታ ብቻ አሳሳሉ ከተሻሻለ፣ ልጁ እቅድ ማውጣት ይችላል፤ የሚያስቸግረው ችኮላው ነው። በክፍልም በቤትም ሥራ ከመጀመሩ በፊት "መጀመሪያ ምን?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ አስይዙት። በሁለተኛው ብቻ ከተሻሻለ፣ የተሰጠውን እቅድ መከተል ይችላል፤ የራሱን ማውጣት ገና ነው። እናንተ ሥራ ስትሠሩ ቅደም ተከተሉን ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ይስማ። በሁለቱም ካልተለወጠ ምናልባት ቅርጹ ከብዶታል። ወደ ቀላሉ ውረዱ፤ ዓይኑንና እጁንም አስቡ።

9. በቃላት መዝግቡ፤ ነጥብ አትስጡ።

ለምሳሌ እንዲህ፦ "ዕድሜ 5 ዓመት ከ4 ወር። በግራ እጁ። ካርድ 6፦ ወዲያው ጀመረ። ክቡን አስቀደመ፣ ከዚያ አራት ማዕዘኑን በዙሪያው፣ ጠበበው። ሁለቱን ቁልቁል መስመሮች የሚያስገባበት ቦታ ሲያጣ ካርዱን አየ፣ አንዱን ብቻ አስገባ። 'አልበቃኝም' አለ። በጣት አሳየኝ ሲባል አራት ማዕዘኑን አሳየ፤ በሁለተኛው ስዕል ሁሉም ገባ።"

ይህን ያነበበች የሚቀጥለው ዓመት መምህር ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። "6 ከ10" ብትሏት ግን ምንም አታውቅም። ከዚህም ሌላ በቤት የተሠራ ካርድ ነጥብ ሊኖረው አይችልም፤ ከየትኛውም የዕድሜ እኩያ ልጆች ውጤት ጋር አልተነጻጸረም።

10. ከሌላው ኑሮው ጋር አስተያዩት።

እቅድ ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። ዕቃ ዕቃ ሲጫወት "አንቺ እናት ሁኚ፣ መጀመሪያ ቡና እናፍላ" እያለ ያደራጃል? ጫማውን ከካልሲው በፊት ያደርጋል? ጎረቤት ሱቅ ሁለት ነገር ሲላክ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል? ወረቀት ላይ የተዘበራረቀ፣ ጨዋታ ላይ ግን አለቃ የሆነ ልጅ የሚያስቸግረው እርሳሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቦታ ከተዘበራረቀ ያኔ የበለጠ ልብ ብላችሁ ተከታተሉት።

የተለመዱ ስህተቶች

በየመስመሩ "ጎበዝ!" ማለት። ልጁ ካርዱን ትቶ የእናንተን ፊት ማየት ይጀምራል። ሲጨርስ "ስለሳልክልኝ አመሰግናለሁ" በሉት። ለሁሉም ካርድ እኩል ይሁን።

ፍጥነትን እንደ ብልጠት መቁጠር። ቶሎ የጨረሰው ብዙ ጊዜ ያልተመለከተው ነው። ሰዓት ብትይዙም ልጁ አይወቅ።

ቅርጾቹን አስቀድሞ ማለማመድ። በተለይ ወላጆች ይህን ታደርጋላችሁ። የተለማመደው ልጅ ቅርጹን በቃሉ ይዞታል፤ የምታዩት ትውስታውን ነው።

ወንድምና እህትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሣል። ታናሹ የታላቁን ወረቀት ያያል። ከዚያ በኋላ "የሷ ይበልጣል" የሚል ጭቅጭቅ ነው።

በአንድ ቀን ሥራ መደምደም። ልጅ ቀን አለው። ቢያንስ ሁለት ቀን አይታችሁ ተናገሩ።

ማስጠንቀቂያ

ይህ ምርመራ አይደለም። ከዚህ ተነስታችሁ ለልጅ የበሽታ ወይም የችግር ስም አታውጡ። ለኬጂ መግቢያ ልጆችን ለመምረጥም አትጠቀሙበት። እርሳስ ቀድሞ የያዘውን ልጅ ካልያዘው ከመለየት ውጭ ምንም አያደርግም።

በባለሙያ የሚሰጡ ቅርጽ አይቶ የመሳል ፈተናዎች አሉ። የሬይ ውስብስብ ቅርጽ፣ የቤንደር ጌሽታልት፣ የቢሪ እና ቡክቴኒካ ፈተና ከታወቁት ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ስላገኛችኋቸው ብቻ አውርዳችሁ አታሠሩ። የሬይ ቅርጽ 18 ክፍሎች አሉት፤ ሙሉው የሚታረመው ከ36 ነጥብ ነው። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ እጅግ ከባድ ነው፤ ለትንንሾች ሌላ ቀለል ያለ ቅርጽ አለው። ነጥቡም ራሱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ክፍል ትክክለኛነትና አቀማመጥ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ባለሙያው ለብቻ ይመዘግባል። ቤት ውስጥ ቅርጹን ያየ ልጅ ደግሞ ኋላ በእርግጥ ፈተናው ሲያስፈልገው ውጤቱ የማይታመን ይሆናል።

የሚከተሉትን ካያችሁ ግን አትጠብቁ። ልጁ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ በጣም ካስጠጋ ወይም አንድ ዓይኑን ከጨፈነ የዓይን ምርመራ ይቅደም። የእጁ መንቀጥቀጥ ከሌሎች ልጆች ከበዛ፣ በ6 ዓመቱ ክብና የመደመር ምልክት ካቃተው፣ ወይም የካርዱን አንድ ጎን ሁልጊዜ የሚተው ከሆነ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። ቀድሞ ይስለው የነበረውን አሁን መሳል ካልቻለ በዚያው ሳምንት ሂዱ። የመዘገባችሁትን ወረቀትና የልጁን ስዕሎች ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ እናንተ ያያችሁትን በአንድ ቀጠሮ ላያይ ይችላል።

መድገም የምትፈልጉ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆዩ። 5ኛውን ካርድ በክብ ተኩት፤ ለአራት የተከፈለ ክብ ይሁን። 6ኛው ላይ ሦስት ማዕዘኑን ወደ ግራ አዙሩት። 7ኛው ላይ በአምስት ክብ ፈንታ አራት ካሬ ደርድሩ። በእያንዳንዱ ስዕል ጀርባ ቀኑን፣ ዕድሜውንና የካርዱን ቁጥር ጽፋችሁ በአንድ ክላሰር አስቀምጡ። ካርዶቹ ግን ከመጫወቻዎቹ ጋር አይቀመጡ።